የምንለጥፈው የማንን ገበና ነው?

ይህን የመሰለ መልእክት በስልካችሁ ገብቶ ያውቃል? ‹‹አስቸኳይ የጸሎት ርዕስ! እኅታችን ትዳር ከያዘች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ እስካሁን ግን አልወለደችም። ሐኪሞች ችግሩ ከባለቤቷ ነው ብለዋል። ቅዱሳን ሁላችሁ በጸሎት አስቡአት። ለሌሎችም አስተላልፉ።›› ከላይ ስሟ ተጽፏል። ከሥር የሰርጋቸው ፎቶ አለ።

መልእክቱ የተጻፈው እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ የማነሣው ባልና ሚስቱን አስፈቅጄ፣ የጻፍኩትንም አስቀድሜ አንብቤላቸው፣ ‹‹ሌላው ይማርበት›› ስላሉኝ ነው። ከዚህ የበለጠ መለያ እንዳልጨምር ቃል ገብቼላቸዋለሁ። እኅታችን ሸክሟን ያካፈለችው በሳምንት አንድ ቀን አብረዋት ለሚጸልዩ አራት ሴቶች ነበር። ከአራቱ አንዷ፣ ብዙ ሰው ቢጸልይ ይሻላል ብላ፣ ወደ እኅቶች የቴሌግራም ግሩፕ ጻፈችው። ከዚያ ወደ ወጣቶች ግሩፕ፣ ከዚያም ብዙ ሺህ ተከታይ ወዳለው የጸሎት ቻናል ተላለፈ። በሦስተኛው ቀን ባልየው ሥራ ቦታ ተቀምጦ ሳለ ወንድሙ ከዓረብ አገር ደወለለት። ‹‹ለእኛ ሳትነግረን ለአገር ታወራለህ?›› አለው። ባልየው ግን ሚስቱ ለማንም መናገሯን እንኳ አያውቅም ነበር። በዚያው እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልመጣም። ከዚያም በኋላ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አልመጣም።

ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ክፉ ያሰበ ሰው የለም። የጻፈችው እኅት ጸሎተኛ ናት። ያስተላለፉትም ‹‹አሜን›› እያሉ ነው ያስተላለፉት። እኛ የወንጌል አማኞች ሐሜት ኃጢአት መሆኑን ስለምናውቅ አናማም፤ ‹‹የጸሎት ርዕስ እናካፍላለን››። ይህን የምለው ለመቀለድ አይደለም። በፓስተር ቤት ለሚኖር ሰው ይህ ነገር በየሳምንቱ በር የሚያንኳኳ ጉዳይ ነው።

ነገር በቡና ላይ መውጣቱ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ነገር ግን በቡና ላይ የተነገረ ከቤቴል አየር ጤና እስኪደርስ ቀናት ይፈጅበታል። መንገድ ላይም ግማሹ ይጠፋል፣ ስሙ ይምታታል፣ ሰሚውም ‹‹እንጃ፣ እውነት ላይሆን ይችላል›› ይላል። በስልክ የተላከው ግን ሳይሸራረፍ፣ ከነስሙ፣ ከነፎቶው፣ ከነቀኑ ይደርሳል። አባቶቻችን ‹‹ከአፍ የወጣ አፋፍ›› ሲሉ ፎቶ ስለሌለው ቃል ነበር የሚናገሩት።

‹‹ካስከፋ አጠፋዋለሁ›› የሚል ብዙ ሰው አለ። እርግጥ ነው፣ ቴሌግራም ላይ የጻፋችሁትን ከግሩፑ ማጥፋት ትችላላችሁ። ወደ ሌላ ቦታ የተላለፈው ቅጂ ግን እናንተ ስላጠፋችሁ አይጠፋም። ስክሪንሾት ያነሣው ሰው ስልክ ውስጥም ይኖራል። ፌስቡክ ላይ ‹‹ለጓደኞቼ ብቻ›› ብላችሁ የለጠፋችሁትንም ቢሆን ከጓደኞቻችሁ አንዱ ፎቶ አንሥቶ ሊልከው ይችላል። ሦስት መቶ አባላት ባሉት ግሩፕ ውስጥ እነማን እንዳሉ፣ አስተዳዳሪው ራሱ በስም ጠርቶ መጨረሱን እጠራጠራለሁ።

የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5

ይህን ምዕራፍ አብዛኞቻችን የምናውቀው በተአምራቱ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅም የተማርነው የጌታ ሥልጣን በአጋንንት፣ በደዌና በሞት ላይ ምን ያህል እንደሆነ ነበር። ነገር ግን ሌላ ጥያቄ ይዛችሁ አንብቡት፤ የእያንዳንዱን ሰው ታሪክ ያወራው ማን ነው?

በጌርጌሴኖን አገር የነበረው ሰው በመቃብር ስፍራ ይኖር ነበር። ነፃ በወጣ ጊዜ የአገሩ ሰዎች ያገኙት ለብሶና ልቡ ተመልሶ ተቀምጦ ነው። ከዚያ በኋላ ታሪኩ ሁለት ጊዜ ይወራል። አንደኛ፣ እሪያ ጠባቂዎቹና ያዩት ሰዎች አወሩት፤ የሰሙት ፈሩ፣ ጌታንም ከአገራችን ሂድልን አሉት። ሁለተኛ፣ ሰውየው ራሱ፣ ጌታ ወደ ቤትህና ወደ ዘመዶችህ ሂድ ብሎት፣ በዐሥሩ ከተሞች አወራ፤ የሰሙትም ሁሉ ተደነቁ። ታሪኩ ያው ነው። ተመልካች ሲያወራው ጌታን ከአገር አስወጣ፤ ባለቤቱ ሲያወራው ግን ሰው ተደነቀ።

ዛሬ አንዳንድ የአገልግሎት ቪዲዮዎች ላይ የምናየው ከዚህ የተለየ ነው። አንዲት እኅት መሬት ላይ ወድቃ፣ ልብሷ ተገልጦ፣ ጸጉሯ ተበትኖ ስትጮህ ካሜራው ይቀርባታል። በማግሥቱ ቲክቶክ ላይ ናት። ነፃ ወጥታ ይሆናል፤ ክብር ለጌታ ይሁን። ነገር ግን የቢሮ ባልደረቦቿ፣ የልጇ የክፍል ጓደኞች፣ ነገ ሊያገባት የሚፈልግ ሰው ሁሉ የሚያዩአት በዚያች ደቂቃ እንደ ነበረች ነው። ከጌርጌሴኖን የመጡት ሰዎች ያዩት የለበሰውን ሰው ነው። የእኛ ካሜራ ግን ራቁቱን የነበረበትን ሰዓት መርጦ ያስቀራል። ይህ ‹‹ለምስክርነት ነው›› በሚል ብቻ የሚታለፍ አይመስለኝም። አገልጋዮች ሆይ፣ በፍቅር ነው የምለው።

ሁለተኛዋ ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት ናት። ‹‹እርሷንማ ጌታ በአደባባይ አወጣት›› የሚለኝ አይጠፋም። እስቲ ደግማችሁ አንብቡ። ጌታ ማን ነካኝ ብሎ ጠየቀ እንጂ በጣቱ አላመለከታትም፤ በሽታዋንም ለሕዝቡ አልነገረም። እየተንቀጠቀጠች መጥታ በሕዝቡ ሁሉ ፊት የተናገረችው ራስዋ ናት (ሉቃ. 8፥47)።

ሦስተኛዋ የኢያኢሮስ ልጅ ናት። ጌታ የሚያለቅሰውን ሕዝብ ሁሉ አስወጥቶ፣ አባቷንና እናቷን፣ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ብቻ ይዞ ገባ። ከሞት የተነሣች ልጅ! ከዚህ የሚበልጥ ምስክርነት ከየት ይገኛል? እርሱ ግን ማንም እንዳያውቅ አጥብቆ አዘዘ፤ የምትበላውም ይሰጧት ዘንድ ተናገረ። ልጅቱ ገና የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች።

መርዶ እንዴት ነበር የሚነገረው?

በእኛ ባህል መርዶ ሥርዓት አለው። የሞተውን ሰው ቤተሰብ በቅርብ የሚያውቁ ሽማግሌዎችና የእድር ሰዎች ይመካከራሉ። ማን ይንገር፣ የታመመ ወይም ነፍሰ ጡር በቤቱ አለ ወይ፣ ማን አጠገቧ ይቀመጥ ይባባላሉ። ከዚያ ማለዳ፣ ሰው ወደ ሥራ ሳይወጣ፣ ተሰብስበው ይሄዳሉ። ይህን ሥርዓት ያወጡት ሰዎች ስለ ‹‹መረጃ ጥበቃ›› ሰምተው አያውቁም፤ ነገር ግን ወሬው መጀመሪያ የማን እንደሆነ ያውቁ ነበር።

ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. በሊቢያ ስለተገደሉት ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች የተለቀቀውን ቪዲዮ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ገዳዮቹ ያሰራጩትን ምስል እኛው ‹‹ሰማዕታት›› እያልን፣ እያለቀስን፣ ከስልክ ወደ ስልክ አቀባበልነው። እዚህ አዲስ አበባ ቂርቆስ አካባቢ ግን የገዛ ልጃቸውን በዚያ ምስል ውስጥ የለዩ ቤተሰቦች ነበሩ። ሽማግሌ አልመጣላቸውም፤ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰውም አልነበረም። ዛሬም የመኪና አደጋ በደረሰ ቁጥር፣ ሬሳው ሳይነሣ ፎቶው ይለጠፋል፤ ‹‹ነፍስ ይማር›› የሚለው ጽሑፍ እናት ቤት ከሽማግሌ ቀድሞ ይገባል።

ሕጉስ ምን ይላል?

‹‹ይህ የዘመኑ ጣጣ ነው፤ ሕግ አልወጣለትም›› ሲባል እሰማለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ መነሣት ማለት ለብዙው ሰው ፎቶ ቤት ሄዶ መቀመጥ ነበር። ሕጉ ግን በአንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትም ሆነ ማባዛት አይቻልም ይላል። በአንቀጽ 28 ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ ለምሳሌ ታዋቂ ሰው ወይም ባለ ሥልጣን ሲሆን፣ ፍትሕ ሲጠይቀው፣ ወይም በአደባባይ የተደረገ ሥነ ሥርዓት ሲሆን። ከሁሉ ይበልጥ የገረመኝ አንቀጽ 31 ነው። በምስጢር የተጻፈለትን ደብዳቤ የተቀበለ ሰው፣ ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን መግለጥ አይችልም። ስክሪንሾት የምናነሣው ምኑን ነው ታዲያ? ጓደኛችን በውስጥ መስመር የጻፈችልንን ደብዳቤ አይደለምን?

ከዚያ በኋላ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መብት፣ ደብዳቤንና የስልክ ግንኙነትን ጨምሮ፣ አስከብሯል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጣ። በዚህ አዋጅ ስለ ሰው ጤንነትና ሃይማኖት የሚገልጽ መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚያሻቸው ውስጥ ተቆጥሯል። ስለዚህ የአባላትን ስልክ፣ የትዳር ሁኔታና የቀድሞ ሃይማኖት መዝግበን በጸሐፊ ኮምፒውተር ውስጥ የምናስቀምጥ አብያተ ክርስቲያናት ብንወያይበት መልካም ነው። ይህ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

ነገር ግን ሕግ የሚመጣው ከጣት በኋላ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ማዕረግ አማረ፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ ስማቸው፣ ፎቶአቸውና የሚሠሩበት ቦታ ከክስ ቃል ጋር ፌስቡክ ላይ ተለጠፈ። ልጃቸው አብርሃም ጽሑፉ እንዲነሣ ለኩባንያው አመለከተ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፕሮፌሰሩ በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው ከሌሎች ጋር ሆኖ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ።

ኩባንያው ምን ያህል እንደሚጠየቅ ዳኞች ይበሉ። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ከኩባንያው በፊት ያለው ነው። ያንን ስምና ያንን የሥራ ቦታ የጻፈ ሰው ነበር። አንብቦ ያስተላለፈም ነበር። ከሁላቸውም ስንቱ እሑድ ጸሎት ቤት ይሄድ እንደ ነበር እግዚአብሔር ያውቃል። እኛ በየመንደሩ የምንኖር ሰዎች ‹‹እገሌ የሚኖረው እዚያ ነው፣ የሚሠራው እዚህ ነው፣ ዘሩ ይህ ነው›› የሚል ጽሑፍ ሲደርሰን የሚቆመው ከእኛ ዘንድ ካልሆነ የት ነው?

ባልና ሚስት

ወደ ቤታችን ልመለስ። ባለቤቴ በስብከቱ ውስጥ ስለ እኔ ወይም ስለ ልጆቻችን ምሳሌ ሊያነሣ ሲፈልግ ቅዳሜ ማታ ይጠይቀናል። አንዳንዴ ‹‹አይሆንም›› እንለዋለን። (ደስ አይለውም፤ በተለይ ምሳሌው ጥሩ ሲሆን።) ይህ ስምምነት የጋብቻችንን ያህል ዕድሜ ባይኖረውም ቤታችንን ብዙ ጠብቆታል።

ባለትዳሮች ሆይ፣ በተጣላችሁበት ማታ ‹‹አንዳንድ ወንዶች…›› ወይም ‹‹ታግሶ ለኖረ ሰው…›› የሚል ጽሑፍ አትለጥፉ። ስም ባይኖረውም እናታችሁ ማን እንደሆነ ታውቃለች። እናንተ በሦስተኛው ቀን ትታረቃላችሁ፤ ያነበበችው አማት ግን አብራችሁ ስላልታረቀች እስከ ፋሲካ ትይዘዋለች። በምክር አገልግሎት ያየሁት ይህ ነው፤ ባልና ሚስቱ የረሱትን ጠብ ዘመድ ይዞት ይቀመጣል። ጌታ ወንድምህ ቢበድልህ አንተና እርሱ ብቻ ሆናችሁ ተነጋገሩ ያለው (ማቴ. 18፥15) ለትዳር ሲሆን እጥፍ ይሠራል።

ደስታም ቢሆን የሁለት ሰው ነው። ሚስትህ የጠዋት ፎቶዋ ወይም የእርግዝናዋ ወሬ እንዲወጣ ፈቅዳለች? እርግዝናው ገና በሦስተኛው ወር ሳለ ለጥፎ፣ በአራተኛው ወር ሲጨነግፍ፣ የእያንዳንዱን ሰው ‹‹ስንት ወር ሆነሽ?›› የምትመልሰው እርሷ ናት።

ልጆችን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ የኢያኢሮስን ልጅ አይተናል። አንድ ነገር ግን ላስታውስ። በከተማችን የየትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም በቀለሙና በአርማው ይለያል። ልጃችሁን በዩኒፎርም አንሥታችሁ፣ ስሙን ጽፋችሁ፣ ‹‹የኔ አንበሳ አራተኛ ክፍል ገባ›› ስትሉ፣ ልጁ በጠዋትና በማታ የት እንደሚገኝ ለማታውቁት ሰው ነግራችኋል። የውጤት ካርዱንም ከመለጠፋችሁ በፊት ጠይቁት። ‹‹አይሆንም›› ካለ አይሆንም።

ስለ ራሳችን ገበናም ቢሆን ንጉሥ ሕዝቅያስን አስቡት። ከባቢሎን የመጡትን መልእክተኞች ደስ ብሎት ተቀብሎ ግምጃ ቤቱን ሁሉ አሳያቸው፤ ያላሳያቸው ነገር አልነበረም (ኢሳ. 39)። ዛሬም ‹‹ቤተሰቡ በሙሉ ለአንድ ወር ሐዋሳ ነን›› ብለን ከነፎቶው እንለጥፋለን፤ ግቢው ባዶ መሆኑን ሌባው ከዚያው ያነባል።

በጎ ስናደርግ

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው በጎ ለማድረግ ስንል የምንገልጠው ነው። ‹‹ይህ መታወቂያ አየር ጤና ታክሲ ተራ ወድቆ ተገኘ፤ ባለቤቱ እስኪገኝ ሼር›› ይባላል። መታወቂያው ላይ ፎቶ፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው ስልክ ሁሉ አለ። ስሙንና የተገኘበትን ቦታ ብቻ ጽፎ ካርዱን ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ ማስረከብ ይበቃል።

የሕክምና እርዳታ ጥያቄም እንዲሁ ነው። የታመመው ሰው ገላ ተገልጦ፣ የሐኪሙ ወረቀት ከነበሽታው ስም፣ ከሥር የባንክ ሒሳብ ቁጥር። ‹‹ራሱ ፈቅዷል›› ይባላል። ሕይወቱ በገንዘቡ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ምን ብሎ እምቢ ይላል? እኛ በዘነበወርቅ፣ አለርት ሆስፒታል ባለበት ሰፈር አጠገብ የምንኖር ሰዎች ይህ ሊገባን ይገባል። የሥጋ ደዌ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ሳይድን የሚቀረው ስሙ ነው።

ለዚህ ሽማግሌዎች አሉን። ሁለት ወይም ሦስት የታመኑ ሰዎች ወረቀቱን አይተው ‹‹እውነት ነው፣ አረጋግጠናል›› ብለው በራሳቸው ስምና ስልክ ይፈርሙ። ምእመኑ እነርሱን አምኖ ይስጥ። የታማሚው ፊትና የበሽታው ስም ሳይወጣ፣ በዚህ መንገድ በቂ ገንዘብ ሲሰበሰብ በዓይኔ አይቻለሁ። ለጸሎትም ‹‹ስለ አንዲት እኅት ጤንነት›› ተብሎ ቢጻፍ ጸሎቱ አይጎድልበትም።

ቀድሞ የተለጠፈ ነገር ካለ ደግሞ፣ ሰውየው ከሌላ ሳይሰማ ቀድማችሁ ደውሉለት። ምን እንደ ጻፋችሁና ለማን እንደ ላካችሁ በዝርዝር ንገሩት። ከዚያ የራሳችሁን አጥፉ፤ ለተላለፈባቸው ግሩፖች አስተዳዳሪዎችም በግል ጻፉ። ‹‹ይህ መልእክት እንዲጠፋ›› ብላችሁ መልእክቱን ራሱን መልሳችሁ ግሩፑ ላይ እንዳትለጥፉት፤ ይህን ያደረጉ ብዙ ናቸው። የጸሎት ግሩፕ የምትመሩ ወገኖች፣ አዲስ የሚገቡ አባላት የቀድሞውን መልእክት እንዳያነቡ፣ የተጻፈውም ወደ ሌላ እንዳይተላለፍ የሚያደርጉ ማስተካከያዎች ቴሌግራም ላይ አሉ፤ ካላገኛችኋቸው ከወጣቶቻችሁ አንዱ በሁለት ደቂቃ ያሳያችኋል።